የአነስተኛ አውሮፕላን ሞተር የዘይት ግፊት፦ ብልሽቱ ከየት ይፈለጋል?

በሞተር ውስጥ የሚዘዋወር ዘይት የሚፋተጉ ብረቶችን ያለያያል፣ ሙቀት ይወስዳል፣ ቆሻሻንም አጥቦ ወደ ፊልትሮው ያደርሳል። በብዙ ሴስና 172 አውሮፕላኖች ላይ የሚገኘው ባለ አራት ሲሊንደር ላይካሚንግ ሞተር በኮፓው ውስጥ እስከ 8 ኩዋርት፣ ማለትም 7.6 ሊትር ያህል ዘይት ይይዛል። ሁለት ጊሮች ያሉት ፓምፕ ዘይቱን በወንፊት በኩል ከኮፓው ስቦ፣ በማቀዝቀዣውና በፊልትሮው አሳልፎ፣ ክራንክ ሻፍቱ ወደሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖች ይገፋዋል።

ፓምፑ የሚሰጠው ፍሰት ነው፤ ግፊቱ የሚፈጠረው ይህ ፍሰት በጠባብ ክፍተት ውስጥ ለማለፍ ሲታገል ነው። ስለዚህ ዘይቱ ሲያንስ፣ ሲቀጥን፣ ወይም የብሮንዚኑ ክፍተት በመበላት ሲሰፋ ግፊቱ ይወርዳል። የግፊቱን ጣሪያ የሚወስነው ደግሞ በሞላ የሚደገፍ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ግፊቱ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ ቫልቩ ተከፍቶ ትርፉን ዘይት ወደ ኮፓው ይመልሳል።

በሴስና 172ኤስ ጌጅ ላይ አረንጓዴው ክልል ከ50 እስከ 90 ፒኤስአይ ነው። የታችኛው ቀይ መስመር 20፣ የላይኛው 115 ላይ ተሠምሯል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በ30 ሴኮንድ ውስጥ፣ በከባድ ብርድ ደግሞ በዚያ እጥፍ ጊዜ ውስጥ ጌጁ ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። ዘይት ያልደረሰው ብሮንዚን ለመቃጠል ረጅም ጊዜ አይፈልግም።

በበረራ ላይ ግፊቱ ሲወርድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የዘይቱ ሙቀት ነው። ግፊቱ ወርዶ ሙቀቱ እንደነበረ ከቀጠለ ጥፋቱ የጌጁ ወይም የቫልቩ ሊሆን ይችላል። ወደ ጌጁ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ቢያፈስ እንኳ በመነሻው ላይ ያለው ጠባብ ቀዳዳ ዘይቱ በአንድ ጊዜ እንዳያልቅ ያግዳል። ይህ ግን ጉዞ ለመቀጠል ፈቃድ አይደለም፤ በቅርብ ባለው ማረፊያ ወርዶ ማስመርመር ይገባል። ግፊቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ሙቀቱ ከጨመረ ሞተሩ ሊቆም ተቃርቧልና አብራሪው ኃይል ቀንሶ ለግዳጅ ማረፊያ የሚሆን ሜዳ ይመርጣል።

በምድር ላይ ፍለጋው የሚጀመረው በዘይት መለኪያ ዘንጉ ነው። መጠኑ ይታያል፤ ዓይነቱ ለወቅቱ የሚስማማ መሆኑ ይጣራል፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ስለሚቀጥን ሽታውም ይፈተሻል። ቀጥሎ ትክክለኛነቱ የታወቀ ሌላ ጌጅ በቀጥታ ከሞተሩ ጋር ተገናኝቶ ንባቡ ከአውሮፕላኑ ጌጅ ጋር ይነጻጸራል። ይህ ሥራ ፈጽሞ መዘለል የለበትም። ጌጁን ያለ ማስረጃ መጠርጠር ሕይወት ያስከፍላል፤ ሳያረጋግጡ ማመን ደግሞ ጤነኛ ሞተር ያስፈታል።

ግፊቱ በእርግጥ ዝቅተኛ ከሆነ ተራው የቫልቩ ነው። በክራንክ ቤቱ ቀኝ በኩል ከላይ ስለሚገኝ ለመፍታት አያስቸግርም። በቫልቩ መቀመጫ ላይ የተጣበቀች የካርቦን ወይም የብረት ቅንጣት መንገዱን ክፍት አድርጋ ትይዛለች፤ የደከመ ሞላም ቫልቩ ቀድሞ እንዲከፈት ያደርጋል። ማጽዳት ወይም ሞላውን መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አደጋው የቫልቩን ማስተካከያ እያጠበቁ ቁጥሩን ወደ አረንጓዴው መመለስ ላይ ነው። ለዓመታት በደህና ሲሠራ የኖረ ሞተር ግፊቱ ቀስ በቀስ ከወረደ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ማስተካከያውን መንካት መበላትን መሸፈን ነው።

መበላት ራሱን የሚገልጠው ዘይቱ ሲግልና ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ነው፤ በዚያን ጊዜ የፓምፑ ፍሰት ትንሽ፣ የዘይቱም ቅጥነት ብዙ ነው። ይህን የሚመሰክረው ፊልትሮው ነው። ፊልትሮው ተቆርጦ ወረቀቱ ተዘርግቶ ይመረመራል፤ የኮፓው ወንፊትም ይወጣል። ማግኔት የሚስበው ቅንጣት ከብረት ክፍል የመጣ ነው፤ ማግኔት የማይስበው የሚያብረቀርቅ ስስ ልጣጭ ብሮንዚንን ያስጠረጥራል። የታፈነ ወንፊት ደግሞ ብቻውን ፓምፑን ያስርባል። የፓምፑ ጊሮች ነገርም ቀላል አይደለም፤ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1996 ባወጣው ትእዛዝ በአንዳንድ ላይካሚንግ ሞተሮች ፓምፕ ውስጥ የነበሩ አንዳንድ የጊር ዓይነቶች እንዲለወጡ አዟል።

ሙቀቱ ከፍ ብሎ ግፊቱ ከወረደ የማቀዝቀዣው መደፈን ወይም ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚመራው ሙቀት መቆጣጠሪያ መያዝ ይፈተሻል።

ከመጠን ያለፈ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከቀዘቀዘ ወይም ከመጠን በላይ ከወፈረ ዘይት ይመጣል፤ ዘይቱ ሲሞቅም ካልወረደ ቫልቩ ተዘግቶ ተጣብቋል። የሚዋዥቅ ጌጅ የዘይት ማነስን፣ ወደ ፓምፑ የሚገባ አየርን ወይም የላላ የኤሌክትሪክ ግንኙነትን ያመለክታል።

ጥገናው ሲያልቅ ሞተሩ በምድር ላይ ተነሥቶ እስኪሞቅ ይሠራል። ግፊቱ በዝቅተኛና በከፍተኛ ዙር ይነበባል፣ የተፈቱት ማያያዣዎች እንዳያፈሱ ይታያሉ፣ ንባቡም በሞተሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።