የእጅ ጌም በሐርጌሳ

የሰው ልጅ ለሥራው የሚያገለግለውን ብቻ ሳይሆን ለዕረፍቱና ለተድላው የሚሆነውንም መሣሪያ በየዘመኑ ሲፈለስፍ የኖረ ስለ ሆነ፥ በእኛም ዘመን በብዙ አገር ከብዙ ቤት ገብቶ ሳለ በአማርኛ ባሕርዩ እምብዛም ያልተገለጸለትን አንዱን መሣሪያ ለአንባቢ ማስተዋወቅ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ይኸውም ከቴሌቪዥን ጋራ ሳይታሰር፥ በሁለት እጅ ተይዞ፥ በገዛ ባትሪው እየሠራ በገዛ ስክሪኑ ላይ ሥዕልን የሚያንቀሳቅሰው የእጅ ጌም ነው። የምጽፈው ኢትዮጵያውያን ለሥራም ለንግድም መጥተው ከሚኖሩባት ከሶማሌላንድ ከተማ ከሐርጌሳ ስለ ሆነ፥ ዓመታቱን እዚህ በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር አኖራለሁ። ዕቃው ወደዚህ የሚደርሰው እንደ ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከዱባይ በመርከብ ተጭኖ በርበራ ወደብ ከወረደ በኋላ፥ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ በመኪና ተጉዞ ነው፤ በሱቅ መስኮት ከስልክና ከቻርጀር ጋራ ተደርድሮ ሲታይ ስልክ መስሎ ያሳስታል እንጂ፥ ቀርቦ ለመረመረው ጠባዩም ሕጉም ልዩ ነው።

ታሪኩን ከሥሩ ለመጀመር፥ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1889 በኪዮቶ ከተማ ሲመሠረት ግብሩ የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበረ፤ ጉንፔይ ዮኮይ የተባለውም መሐንዲስ በ1965 ሲቀጠር የተሰጠው ሥራ ካርታውን የሚያመርቱትን መኪናዎች መጠበቅና መጠገን ነበረ። ይህ ሰው ከዕለታት አንድ ቀን በባቡር ሲጓዝ፥ አንድ መንገደኛ ጊዜው አልገፋ ብሎት የኪስ ካልኩሌተሩን ቁልፎች ሲነካካ አይቶ፥ በኪስ ተይዞ ሌላውን ሳያውክ ባለቤቱን የሚያጫውት መሣሪያ ቢኖር መልካም እንደ ሆነ አሰበና፥ በ1980 ሰዓትም ጨዋታም የሆነውን «ጌም ኤንድ ዎች» የተባለውን ትንሽ ዕቃ አወጣ። የዮኮይ የጥበቡ መሠረት በዘመን ብዛት የረከሰውን፥ ጠባዩም ተፈትኖ የታወቀውን ሥራ ወስዶ ማንም ላላሰበው ግብር ማዋል ነበር፤ እኔም ከመሐንዲሶች ትምህርት ሁሉ ለድኻ አገር ከዚህ የሚበልጥ ጠቃሚ ሐሳብ አላውቅም። በዚህ ሐሳብ የተሠራው «ጌም ቦይ» በኤፕሪል 1989 ሲወጣ ስክሪኑ ኅብረ ቀለም የሌለው፥ ከውስጡም ብርሃን የማይሰጥ፥ አራት ዐይነት ጥላ ብቻ የሚያሳይ ነበረ፤ ነገር ግን በአራት የባትሪ ድንጋይ ዐሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሠራ ነበርና፥ በቀለምና በብርሃን ያሸበረቁት ተወዳዳሪዎቹ ስድስት ስድስት ድንጋይ በጥቂት ሰዓት እየጨረሱ ገበያውን ለቀቁለት። እርሱና ባለቀለሙ ተከታዩ በአንድነት ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። ከእርሱም ጋራ ዓለምን የዞረውን «ቴትሪስ» የተባለውን ጨዋታ በ1984 በሞስኮ የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሲሆን፥ የዚያ ጨዋታ አምሳል ብሪክ ጌም በተባለው ርካሽ ዕቃ ተቀርጾ ወደ አዲስ አበባም ስለ ገባ፥ ጡቡ ከላይ እየወረደ ሲደረደር ብዙ የከተማ ልጅ ያስታውሰዋል።

ጌም ቦይ ለጃፓን ልጆች በሚሸጥበት በዚያ ወራት ግን ከሐርጌሳ ልጆች ብዙዎቹ በሐርጌሳ አልነበሩም። በሜይ 1988 መጨረሻ የእርስ በርስ ጦርነቱ ከከተማይቱ ከገባ በኋላ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ መንግሥት በመድፍና፥ ከከተማይቱ ከራስዋ የአውሮፕላን ማረፊያ በሚነሡ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን አፍርሶአት፥ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወሰን ተሻግሮ በኢትዮጵያ ምድር፥ በጅጅጋ በኩል ባለው በሐርቲሼክ ሰፍሮ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከወደቁት አውሮፕላኖች አንዱ ሚግ ዛሬም በከተማይቱ መካከል በሐውልት ላይ ቆሞ ይታያል። ይህን የማነሣው፥ ቤት ንብረቱን ጥሎ ተሰዶ፥ ተመልሶም ከፍርስራሽ ላይ የሠራ ሕዝብ «የእኔ» የሚለውን ዕቃ ሲገዛ በእጁ የሚቀረው ምን እንደ ሆነ አጥብቆ መጠየቁ የሚገባው ስለ ሆነ ነው፤ የአዲሱም የእጅ ጌም ዋና ጥያቄ ይኸው የባለቤትነት ጥያቄ ነው።

ለአዲሱ መሣሪያ በጁን 5 ቀን 2025 የወጣውን «ኒንቴንዶ ስዊች 2» አብነት አድርጌ እወስዳለሁ፤ በ2022 የወጣውና የኮምፒዩተር ጨዋታዎችን የሚያጫውተው «ስቲም ዴክ»ም በባሕርይ ቅርቡ ነው። የስዊች 2 ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ያህል፥ ክብደቱ ከእጀታዎቹ ጋራ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ስክሪኑ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 7.9 ኢንች ሆኖ ሥዕሉ በአግድም 1920፥ በቁም 1080 ነቁጥ ይከፈላል፥ በሰኮንድም እስከ 120 ጊዜ ይታደሳል። በግራና በቀኝ ያሉት እጀታዎች በማግኔት ተጣብቀው የሚያዙ ናቸውና ሲነቀሉ ለሁለት ተጫዋቾች አንዳንድ ይደርሳቸዋል፤ በውስጣቸውም እጅ ሲያዘነብልና ሲዞር የሚያውቁ ረቂቃን መለኪያዎች አሉባቸው። ሒሳቡንም ሥዕሉንም በአንድነት የሚሠራው ቺፕ ሲግል ትንሽ ማራገቢያ ሙቀቱን በላይኛው ቀዳዳ ያስወጣዋል፤ ቤት ሲገቡም በመቀመጫው ላይ ቢያኖሩት ሥዕሉ ወደ ቴሌቪዥን ይሻገራል። እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ዕቃዎች ውስጥ ኤሌክትሪክን ለቅጽበት ይዘው የሚለቁት ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከታንታለም ነው፤ ያም ማዕድን በጉጂ ምድር ከቀንጢቻ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሥራ ፈጽሞ ከባዕድ አፈር የተገኘ አድርጎ እንዳይቈጥረው አሳስባለሁ።

የሐርጌሳ ሰው ከጦርነቱ በኋላ ኤሌክትሪክን ከግል ኩባንያዎች እየገዛ የኖረ በመሆኑ የኪሎዋት ሰዓትን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃልና፥ ስለ ወጪው መናገር ይገባል። የመሣሪያው ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 20 ዋት ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፥ በመንገድ የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከአርባ ጊዜ ያላነሰ ይሞላል፤ አንዴ ሞልቶም እንደ ጨዋታው ክብደት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ያጫውታል። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ጨልሞ እርሱ ግን መሥራቱን የሚቀጥል በመሆኑ፥ ለዚህ አገር ከትልልቆቹ የቤት መሣሪያዎች ይልቅ የተስማማ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ስንመለስ፥ ጨዋታ ወደ መሣሪያው የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ ግዙፍ፥ ሁለተኛው ረቂቅ። ግዙፉ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ካርድ ነው፤ ሕፃን እንዳይውጠው ዴናቶኒየም የተባለ እጅግ መራራ ቅመም ተቀብቶአል። ረቂቁ በኢንተርኔት ከድርጅቱ ሱቅ ተገዝቶ፥ 256 ጊጋባይት በሚይዘው ማኅደር ገብቶ፥ በገዢው ስም በተከፈተው አካውንት የሚታሰር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት በርስትና በማደሪያ መካከል የነበረው ነው፤ ባለርስት መሬቱን ከአባቱ ወርሶ ለልጁ ያወርስ ነበር፥ ባለማደሪያ ግን በአገልግሎት እስካለና ሰጪው እስከ ፈቀደ ድረስ ይበላው ነበር እንጂ የእኔ ብሎ ሊያወርሰው አይችልም ነበር። ካርዱን የገዛ ሰው ይሸጠዋል፥ ይለውጠዋል፥ ያውሰዋል፥ ለታናሹ ይሰጠዋል፤ የ1989 የጌም ቦይ ካርድ ዛሬም ከዚያው መሣሪያ ቢገባ ጨዋታውን ያሳያል። ረቂቁን የገዛ ሰው ግን፥ የድርጅቱ የውል ጽሑፍ ራሱ እንደሚናገረው፥ የገዛው የመጠቀም ፈቃድን ነው። በማርች 2023 ኒንቴንዶ «3ዲኤስ» የተባለውን የቀደመ የእጅ ጌም የኢንተርኔት ሱቅ ሲዘጋ፥ ቀድሞ የገዙት መልሰው እንዲያወርዱ ቢፈቀድላቸውም ከዚያ ወዲያ አዲስ ገዢ የሚገባበት በር አልቀረም። በአዲሱ መሣሪያ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዐይነት ተጨምሮአል፤ በዐይን ሲታይ ካርድ ሆኖ በውስጡ ግን ጨዋታው ሳይሆን ቁልፉ ብቻ ያለበት ነው። ይህ ሊሸጥና ሊዋስ ይችላል፥ ነገር ግን ጨዋታው ራሱ በኢንተርኔት ካልወረደ ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ ገዢ በሣጥኑ ፊት በታችኛው ጠርዝ የተጻፈውን ማስታወቂያ ሳያነብ ገንዘቡን እንዳይከፍል እመክራለሁ።

ለሐርጌሳ ነዋሪ ደግሞ ነገሩ ከሌላው አገር ሰው ይልቅ የከበደ ነው። ሶማሌላንድ በሜይ 18 ቀን 1991 ነጻነትዋን ካወጀች ጀምሮ የራስዋ መንግሥት፥ የራስዋ ገንዘብና ሰንደቅ ዓላማ ያላት ሆና ሳለ፥ አገሮች ሁሉ በሁለት ፊደል በሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ የመለያ መዝገብ ለብቻዋ የተሰጣት ፊደል የለም፤ አካውንት የሚከፍተውም ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው አገሩን ነውና፥ ከተዘረዘሩት መካከል የሌላውን አገር ስም ለመምረጥ ይገደዳል። ክፍያውም እንዲሁ ነው። በዚህች ከተማ ቴሌሶም በ2009 ካቋቋመው ከዛድ ወዲህ ሻይም፥ ወተትም፥ የቤት ኪራይም በስልክ ቁጥር ይከፈላል፤ ብዙ ሰውም የወረቀት ገንዘብ ሳይዝ ይውላል። የድርጅቱ ሱቅ ግን የባንክ ካርድ ወይም የተገዛ ኮድ ይጠይቃል፤ ኮዱም ለአንዱ አገር አካውንት የተሠራ እንደ ሆነ ለሌላው አያገለግልም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መንገዱ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ፥ እዚህ ቁርባጆግ የሚሉት፥ ለዕረፍት ሲመጣ ጨዋታውን እንዲይዝ መለመን ነው። በገንዘብ አያያዝ ከብዙ አገር የቀደመ ሕዝብ በጨዋታ ሱቅ ደጅ እንደ ሌለ መቈጠሩ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ይህንም ስመለከት ለዚህ አገር ልጅ ካርዱ ርስቱ እንደ ሆነ፥ ረቂቁን ግን ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ሊገዛው እንደሚገባ ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

ካርዱ ሌላም ጸጋ አለው፤ በሰፈር ይዞራል። አንዱ ጨርሶ ለሁለተኛው፥ ሁለተኛውም ለሦስተኛው ሲያውሰው በአንድ ግዢ ብዙ ቤት ይጫወታል። ድርጅቱ ረቂቁንም ለማዋስ መንገድ አብጅቶአል፤ ይኸውም በአንድ የቤተ ሰብ ቡድን ለተመዘገበ ሰው እስከ 14 ቀን ነው። መልካም ጅምር ነው፥ ነገር ግን የውሰት ዘመን በአዋሹና በተዋሹ መተማመን ይወሰን እንደሆነ እንጂ በኩባንያ ሰዓት ሊቈጠር አይገባውም ብዬ አምናለሁ። ሁለት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሲሆኑም በብዙ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት፥ በአየር ሞገድ ብቻ ይገናኛሉ፤ ይህም ከጠባዮቹ ሁሉ የምወድለት ነው።

በመሣሪያው የቋንቋ ዝርዝር አማርኛም ሶማልኛም የለም፤ ፊደል የቈጠረው የኢትዮጵያዊ ልጅና በላቲን የሚያነበው የጎረቤቱ የሶማሌ ልጅ ሁለቱም ትእዛዙን በባዕድ ቋንቋ ይማራሉ ወይም በሥዕሉ እየገመቱ ያልፋሉ። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ን የመሰለ አገርኛ ጨዋታ ለስልክ መሥራቱን ሳስብ፥ ይህ ጉድለት ለዘላለም የሚኖር አይመስለኝም። ጨዋታውን ራሱን ባዕድ ነው ለሚሉ ግን መልስ አለኝ። በሐርጌሳ ሽማግሌዎች በጥላ ሥር ሻሕ ይጫወታሉ፤ ሦስት አራት ማዕዘን አንዱ በአንዱ ውስጥ መሬት ላይ ተሥሎ፥ በ24ቱ መገናኛዎች ላይ ሁለቱ ባላጋራዎች ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ጠጠር ከደረደሩ በኋላ ሦስት በመስመር ሲያገጥሙ የሌላውን ያነሣሉ። በእኛም አገር በሰንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ክፍል አለ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ዛሬ ልጆቹ በእጅ ጌም በአንድ ቅጽበት እኩል የሚሮጡትም በዚሁ ሥርዓት ነው። መሣሪያውን ላንድ የሻሕ ተጫዋች አዛውንት ጎረቤቴ ባሳየኋቸው ጊዜ አገላብጠው ከተመለከቱት በኋላ የጠየቁኝ ስለ ዋጋው አልነበረም፤ ባላጋራው ማን እንደ ሆነ ነበር። መሣሪያው ራሱ ነው ብላቸው ፊታቸው አልፈታም፤ እጀታውን ነቅዬ ለልጅ ልጃቸው ስሰጥና ሁለት ሆነን ስንጫወት ሲያዩ ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ይፈርዱ ጀመር። እኔም ወላጅ ሲጠይቀኝ የምሰጠው ምክር ከዚህ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የሚገዛው ጨዋታ ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ይሁን።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልጨምር። ሠሪዎቹ መሣሪያው እንዲሠራ የወሰኑለት የአየር ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆንዋ ይህን ወሰን እምብዛም አታልፍም፥ በርበራ ግን ሐጋ በሚባሉት የሙቀት ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለችና ወደዚያ የሚወርድ ሰው በቀን ሳይሆን በሌሊት ይጫወት፥ በቆመ መኪና ውስጥም አይተወው። በጂላል የደረቅ ወራት የሚነሣው አቧራ በማራገቢያው ቀዳዳና በአውራ ጣት በሚገፉት ዘንጎች ሥር ይገባል፤ ዘንጎቹም በውስጣቸው ያለው የካርቦን መስመር በመፋተግ ስለሚያልቅ፥ ከጊዜ በኋላ ሳይነኩ ወደ አንድ ወገን መሄድ ይጀምራሉ። በከረጢት መያዝና ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜያቸውን ያራዝመዋል። የሊትየም ባትሪ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ለብዙ ወራት ከተቀመጠ እንደ ገና ላይሞላ ይችላልና፥ ለትምህርት ወራት ተቈልፎበት የሚቀመጥ መሣሪያ እንኳ ቢያንስ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ወጥቶ መሞላት አለበት።