ንግግር ላይ ታሪክ ስንነግር፦ ከነጃሺ አደባባይ እስከ መርጡለ ማርያም



የጀመዓችንን ፕሮግራሞች የሚከታተል ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ተናጋሪው ማስረጃ በማስረጃ ላይ እየደረደረ ሃያ ደቂቃ ሲሄድ ከኋላ የተቀመጡት ስልክ መነካካት ይጀምራሉ። «አንድ ቀን እኛ ሰፈር...» ያለ እንደሆነ ግን ሁሉም ቀና ይላል። አንዳንዶቻችን ይህን የኢማን ድክመት እናደርገዋለን፤ አይደለም። ቁርኣን ራሱ በነብያት ታሪክ የተሞላ ነው፤ ሱረቱ ዩሱፍ ከሞላ ጎደል የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ናት።

ታሪክ በንግግር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት በሀገራችን ምድር ከተነገረው ከጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ንግግር የተሻለ ምሳሌ የለንም። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 615 ገደማ ነው። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ከአንድ ጓደኛው ጋር ስጦታ አሸክመው ላኩ፤ ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጡ ነበር ጥያቄያቸው። ነጃሺ ግን ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አልፈርድም አለ። ጀዕፈር ቃል ሲሰጠው እንደኛው ወጣት ነበር። ተሳስቶ ቢናገር የሚጠፋው የራሱ ነፍስ ብቻ አልነበረም።

ንግግሩን የጀመረው ቁረይሾችን በመክሰስ አይደለም። የጀመረው «እኛ» ብሎ ነው፦ ጣዖት እናመልክ ነበር፣ በክት እንበላ ነበር፣ ዝምድና እንቆርጥ፣ ጎረቤት እንበድል ነበር፣ ጉልበተኛው ደካማውን ይበላ ነበር። ከዚያ ዘሩንና እውነተኛነቱን የሚያውቁት መልእክተኛ ከመካከላቸው እንደተነሳ፣ ምን እንዳዘዛቸው፣ በዚያም ምክንያት ምን እንደደረሰባቸው ተረከ። መጨረሻ ላይ ንጉሡን ራሱን ታሪኩ ውስጥ አስገባው፤ ከሌሎች ሀገሮች ሁሉ ያንተን መረጥን፣ አንተ ዘንድ እንደማንበደል ተስፋ አድርገን መጣን አለው። ነጃሺ ከወረደላችሁ ነገር አሰማኝ ባለው ጊዜ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀራለት። አድማጩ ክርስቲያን ንጉሥ ነውና ምርጫው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም አለቀሱ።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። በማግስቱ ግን ዐምር ተመልሶ «ስለ ዒሳ የሚሉትን ጠይቃቸው» አለ። አሁን ፈተናው ሌላ ነው፤ ጀዕፈር ትናንት ያገኘውን ልብ እንዳያጣ ቃሉን ሊያለዝብ ይችል ነበር። አላለዘበም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ልብ የነካ ታሪክ እውነቱን መሸፈኛ አልሆነም። ይህን ሁሉ በዝርዝር ያቆየችልን ደግሞ ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት።

አሁን ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንምጣ። ከመካከላችን ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከመርጡለ ማርያም የመጡ አሉ። ክረምት ቤት ሲገቡ በኒካሕ ወይም በለቅሶ ላይ «የተማርከው፣ እስቲ ሁለት ቃል በል» መባላቸው አይቀርም። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ብዙው ክርስቲያን ጎረቤት ነው። ሞጣ ውስጥ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 መስጂዶችና የሙስሊም ሱቆች ተቃጥለዋል። ይህን ያየ ልጅ ማይክ ሲይዝ ምን ይበል? ዝም ማለት ለብዙዎች የሚቻል አይደለም። በእኛ እምነት ያየውን፣ ያየውን ብቻ ይንገር። የአንድ ሱቅ ቁልፍ፣ የአንድ ምንጣፍ ታሪክ ከአሥር ቅጽል ይበልጣል። ከሰው አፍ የለቀመውን ቁጥር ይተው። «እነሱ» ብሎ የአንድን ከተማ ሕዝብ በጅምላ አይፈርጅ፤ እፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ ከእነማን ወገን ሊቆጠሩ ነው? በዚያ ቀን መልካም የሠራ ጎረቤት ካወቀ እሱንም ይጨምር፤ ካላወቀ ግን ለማሳመር ብሎ አይፍጠር።

መርጡለ ማርያም ላይ ደግሞ የእቴጌ እሌኒ ታሪክ አለ። እሌኒ የሐዲያ ሙስሊም ገዥ ልጅ ነበረች፤ ልብነ ድንግል በ1508 እ.ኤ.አ. በልጅነቱ ሲነግሥ ሀገር በሞግዚትነት ካስተዳደሩት ዋነኛዋ ናት፤ እዚያም ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች። የከተማው ሰው ይኮራባታል። ለእኛ ታሪኳ ሌላም ጣዕም አለው፤ የአባቷን ሃይማኖት ትታለችና። አንዱን ወገን ለማሸማቀቅ ካነሳናት ታሪኳ ዱላ ይሆናል። የሙስሊም ቤት ልጅ ሆና ለክርስቲያን መንግሥት የመከረች ብልህ ሴት ብለን ከነገርናት ግን ሁለቱም ወገን ጆሮ ይሰጠናል።

የራስን ገጠመኝ መንገር የራሱ አደብ አለው። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ከተቡክ ዘመቻ ስለመቅረቱና ሰው ስላኮረፈው ሃምሳ ሌሊት በራሱ አንደበት ተርኳል፤ ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ላይ ይገኛል። ራሱን አላስዋበም፤ ምክንያት አልነበረኝም ነው ያለው። ይሁን እንጂ የከዕብ ጉዳይ መዲና ሁሉ ያወቀው ነበር። አላህ የሸፈነልንን ወንጀል ግን መድረክ ላይ ማውጣት የተወገዘ ነው፤ «ድሮ እንዲህ ነበርኩ» የሚለው ወሬ ሲሞቅ ብዙ ሰው ይህን ወሰን ያልፋል። ሰው ለማሳቅ መዋሸትም በሐዲስ ብርቱ ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት ነው። የዶርም ጓደኛን ገበና ስሙን ሳይጠሩ ማውራትስ? ግቢው ጠባብ ነው፤ ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል። ያው ሐሜት ነው።

ርዝመትን በተመለከተ ዋሻ የተዘጋባቸውን የሦስቱን ሰዎች ሐዲስ ማየት ይበቃል። እያንዳንዱ ስለ ራሱ የሚናገረው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ወላጆቹን ላለመቀስቀስ ወተት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የቆመው ሰው ስለ ሕይወቱ የሚናገረው ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘውን ብቻ ነው። ኢብኑ መስዑድም (ረ.ዐ) ሰው እንዳይሰለች ብሎ የሚያስተምረው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር።

እናም ንግግር ያለበት ሰው ታሪኩን አስቀድሞ ለአንድ የዶርም ጓደኛ ይንገረው። መካከል ላይ «ከዚያስ?» ካለው ይያዘው። ጓደኛው ስልኩን ካነሳ መግቢያውን ይቁረጥና እንደገና ይንገረው።