ካሜራ ይዞ የመጣ እንግዳ
ከዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ክፍል እስከ ላሊበላ ቤትዎ

«ቤት ለእንግዳ!» ማለት ለኢትዮጵያዊ አይከብድም። እግር አጥቦ፣ ቤት ያፈራውን አቅርቦ፣ ቡና አፍልቶ መሸኘት ከእናቶቻችን የወረስነው ሙያ ነው። ግን እንግዳው ለአንድ ሌሊት ሳይሆን ለአንድ ሴሚስተር ቢመጣስ? ካሜራና የጥናት ርዕስ ይዞ፣ እርስዎን፣ ልጆችዎንና ደብርዎን ሊቀርጽ ቢመጣስ? «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» የሚለው ብሂል ለእንዲህ ያለው እንግዳ አይሠራም። የእሱ ወርቅነት የሚለየው በመጨረሻው ቀን፣ ትቶት በሚሄደው ነገር ነው።

እንግዳ ምሁር ምን ያመጣል?

እንግዳ ምሁር የሚባለው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ለተወሰኑ ወራት የሚያስተምር፣ የሚያጠና፣ ከዚያም የሚመለስ መምህር ነው። በፊልም ትምህርት እንዲህ ያለው ትብብር ለእኛም ፍሬ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጣው «ሲኒ-ኢትዮጵያ» የተሰኘው የጥናት መጽሐፍ ሦስት አርታኢዎች አሉት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የቴአትር መምህር አቦነህ አሻግሬ፣ ማይክል ቶማስና አሌሳንድሮ ጄድሎውስኪ። አገሬውና እንግዳው በአንድ ገበታ ሲቀመጡ የሚገኘው ይህ ነው። እንግዳው የሌላውን ዓለም ንባብና ዘዴ ያመጣል፤ ባለአገሩ ቋንቋውን፣ ሰዉንና ትዝታውን ይሰጣል። የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ለምን «የሰይጣን ቤት» እንዳለው ለመረዳት መዝገበ ቃላት አይበቃም፤ አብሮ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዳው ሁልጊዜ ፈረንጅ ነው ብለውም አያስቡ። በጎንደር ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ የተጓዘው ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት ፊልም አስተምሯል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሊሠራ ግን ካሜራውን ይዞ የመጣው ወደ አገሩ ነው። «ጤዛ» የተሰኘው ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል። ከውጭ የሚመለስ የገዛ ልጃችንም መንገድ የሚያሳየው፣ ደጅ የሚከፍትለት ሰው ይሻል።

ላሊበላ ለካሜራ ምን ታስተምራለች?

ላሊበላ ምሁር ማስተናገድ ዛሬ አልጀመረችም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢዎቹ እንዳያምኑት ሰግቶ ነበር። ከእሱ በኋላ ብዙዎች መጥተዋል። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስም እ.ኤ.አ. በ1999 ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ባቀረቡት ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ላሊበላን አሳይተዋል።

የፊልም መምህር እዚህ ሲመጣ ግን ተማሪም ይሆናል። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ ጣሪያው ቀድሞ፣ ወለሉ ኋላ። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቆሞ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጣሪያው ላይ የተቀረጸውን መስቀል ነው፤ ከዚያ ዓይኑ ጠራቢዎቹ በሄዱበት መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። ካሜራም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም። በገና ዕለት በቤተ ማርያም ግቢ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ካህናቱ ግማሾቹ ከአፋፉ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ይቀባበላሉ። የፊልም ተማሪ «ከላይ የታየ»፣ «ከታች የታየ» እያለ የሚያጠናውን የላስታ ካህናት በዝማሬ ሲያደርጉት ኖረዋል። ይህን የሚያስረዳ አንድ ሽማግሌ ለእንግዳው ትልቅ መምህር ነው።

እንግዳው ከመድረሱ በፊት

• ሰዓቱን ያስማሙ። እሱ «ስምንት ሰዓት ጠዋት» ሲል ለእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ቀጠሮውን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ይስጡት፤ ቀኑንም እንዲሁ።

• ያሳርፉት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በመጀመሪያው ቀን ዳገት አያስወጡት፤ ውኃ በብዛት ይጠጣ።

• ጾሙን ይንገሩት። ለገና የሚመጣ ሰው የሚደርሰው ኅዳር 15 በሚጀምረው ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ለምን ያለ ቅቤ እንደቀረቡ ካወቀ ማዕዱም ትምህርት ይሆንለታል።

• ፈቃዱን አስቀድመው ያስጨርሱ። የመጎብኛ ትኬት የፊልም ቀረጻ ፈቃድ አይደለም። ደብዳቤውን ትምህርት ክፍሉ ይጻፍ፤ የደብሩን አስተዳደር ግን በአካል ሄዶ ማነጋገር ይበጃል።

• የደብሩን ሥርዓት ያስረዱ። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ መቅደስ አይገባም። በቅዳሴ መካከል ብልጭታ መብራት ማብራት ነውር ነው።

ልጆችዎና ካሜራው

እዚህ ላይ እናትና አባት ጠንቀቅ ማለት አለባቸው። አቧራ የለበሰ፣ ጫማ የሌለው ሕፃን ለካሜራ ይማርካል፤ ያ ሕፃን ግን ነገ አድጎ ምስሉን የሚያይ ሰው ነው። ስለዚህ ለመጠየቅ አይፈሩ። ምስሉ የት ይታያል? የልጄ ስም ይጠቀሳል ወይ? ሐሳቤን ብቀይር ይወጣልኛል? ጨዋ ምሁር እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል፤ በእሱም ሙያ የሚቀረጸውን ሰው ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ካልተስማማዎት «ይቅርታ፣ ልጄ አይቀረጽ» ማለት እንግዳን ማስቀየም አይደለም። ልጁም ራሱ እምቢ ማለት እንደሚችል ይንገሩት።

ሳይሄድ ይጠይቁት

ይሉኝታ የሚጎዳን እዚህ ነው። እንግዳው አራት ወር ቆይቶ፣ ተመርቆ፣ ማርና ቆሎ ተሸክሞ ይሄዳል፤ እኛ ግን የተቀረጽነውን ሳናየው እንቀራለን። ከመሸኘትዎ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቁ።

1. የሥራው ቅጂ ለደብሩ፣ ለትምህርት ቤቱና ለተቀረጹት ቤተሰቦች ይድረስ።

2. ያስተረጎመው፣ መንገድ የመራውና ታሪክ የነገረው ሁሉ በፊልሙ መጨረሻ በስሙ ይጠራ።

3. ቢያንስ አንድ የአካባቢው ወጣት ካሜራና ድምፅ መቅጃ እየያዘ አብሮት ይሥራ፤ ክፍያውም አስቀድሞ ይወሰን።

4. ከመሄዱ በፊት አንድ ምሽት ለሰፈሩ ሰው ፊልም ያሳይ፤ የተሳሳተውን ሰው ያርመው።

እርስዎ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑ እነዚህን አራቱን ከግብዣው ደብዳቤ ጋር አያይዘው ይላኩ። ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ የፊት ስምምነት ይሻላል።

ነገሩ ለላሊበላ ቅንጦት አይደለም። ወረርሽኙ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የተፈራረቀው ጦርነት በእንግዳ የሚተዳደረውን ቤት ሁሉ ጎድቷል። አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ ነጠላ ሻጯ ደጅ ደጁን ሲያዩ ከርመዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጣውን ሁሉ እሺ ማለት ይቀናል። ነገር ግን እንግዳ የሚያከብረው ቤቱን የሚያከብር ባለቤትን ነው። ወንበሩን ያቅርቡለት፣ ቡናውን ያፍሉለት፤ በሦስተኛው ስኒ ላይ፣ በረካው ሲቀዳ፣ ጥያቄዎን አንድ በአንድ ያንሡለት።