መዝገብ የሌለው ጌም ቤት በስንት ይሸጣል?

በወተት ላሞች ጥናቱ በሚታወቀው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እያንዳንዷ ላም በጆሮዋ ላይ ቁጥር አላት። መቼ እንደተወለደች፣ ስንት ሊትር እንደምትታለብ በመዝገብ ይሰፍራል። በዚያው በሆለታም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጌም ቤት የሚከፍት ወጣት ግን ማሽኑንና ቴሌቪዥኑን ገዝቶ ሥራ ሲጀምር እንዲህ ያለ መዝገብ ብዙ ጊዜ ትዝ አይለውም። ስንት ጨዋታ እንዳለው የሚያውቀው በቃሉ ነው።

በቃል መያዙ ሥራው እየሄደ ሳለ ችግር አይመስልም። ጉዳቱ የሚታየው ቤቱ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ባለቤቱ ብድር ሲጠይቅ ወይም ተቀጣሪው ሥራ ሲለቅ ነው። ያን ጊዜ ገዢ የሚተምነው በዓይኑ ያየውን ያገለገለ ዕቃ ብቻ ይሆናል።

ሦስት ቦታ የተበተነ ካፒታል

ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ በጃፓን ለገበያ ሲያቀርብ ጨዋታው በሲዲ ላይ ነበር። በ2000 የመጣው ፕሌይስቴሽን 2 ወደ ዲቪዲ ተሸጋገረ። በእነዚያ ዓመታት የአንድ ቤት ጨዋታ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ስለነበር ቆጠራው ቀላል ነበር። በ2013 ከወጣው ፕሌይስቴሽን 4 እና በ2020 ከተከተለው ፕሌይስቴሽን 5 ጋር ግን ሀብቱ በሦስት መልክ ሊገኝ ይችላል።

አንደኛው ዲስኩ ነው። ይታያል፣ ይሸጣል፣ ይዋሳል፤ ይጫራል፣ ይጠፋልም። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀድቶ የተጫነው ነው። ለመጫወት ያገለግላል እንጂ በንብረትነት አይቆጠርም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃልና። ጥንቁቅ ገዢ ለዚህ ክፍል የሚሰጠው ዋጋ ዜሮ ነው።

ሦስተኛውና አከራካሪው በአካውንት የተገዛው ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ቢሆንም ፈቃዱ የተሰጠው ለአካውንቱ ባለቤት ነው፤ ማሽኑን የሸጠ ሰው ጨዋታውን አብሮ ሸጠ ማለት አይደለም። አካውንቱ በተቀጣሪው ኢሜይልና ስልክ ከተከፈተ ደግሞ ልጁ ሲለቅ የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚደርሰው በእሱ ስልክ ላይ ነው። ባለቤቱ የከፈለበትን ሀብት በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ሲፈልግ ይገኛል።

ምን ይመዝገብ?

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሚሠራበት ማሽን፣ መልኩ (ዲስክ፣ ሃርድ ዲስክ ወይም አካውንት)፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋውና አሁን ያለበት ሁኔታ ይጻፋል። ለማሽኖቹ ሌላ ገጽ ተከፍቶ ከጀርባቸው ያለው መለያ ቁጥር ከጆይስቲኮቹ ብዛት ጋር ይሰፍራል። ለአካውንቶችም በማን ስምና ስልክ እንደተከፈቱ ይመዘገባል፤ የይለፍ ቃሉ ግን ማንም በሚያገላብጠው ደብተር ላይ አይጻፍም።

ተራ ቁጥሩ በዲስኩ ማቀፊያም በዲስኩም ላይ መኖር አለበት፤ ባዶ ማቀፊያ ተቀምጦ ዲስኩ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና። ዲስክ ላይ ወረቀት መለጠፍ ሲሽከረከር ሚዛኑን ስለሚያዛባ ቁጥሩን በመካከለኛው ቀዳዳ ዙሪያ ባለው ጠባብ ቀለበት ላይ በማርከር መጻፍ ይሻላል። በወር አንድ ቀን መደርደሪያው ከደብተሩ ጋር ይመሳከራል፤ ጉድለት ከተገኘ በዚያው ቀን ይጻፋል።

ከሁለትና ከሦስት ማሽን በላይ ያለው ነጋዴ ደብተሩን ወደ ኤክሴል ቢያዛውር ስሌቱ ይቀለዋል። እንደ ሲኤልዜድ ጌምስ ያሉ የስልክ ፕሮግራሞችም በማቀፊያው ላይ ያለውን ባርኮድ አንብበው ስሙን ራሳቸው ይሞላሉ። ባርኮድ የሌለው ቅጂ ግን በእጅ መግባቱ አይቀርም። እንደ ፕራይስቻርቲንግ ያሉ ድረ ገጾች የሚያሳዩት ዋጋም የውጭ ገበያ እንጂ የመርካቶ ዋጋ አይደለም።

ቀኑና ዋጋው ለምን ያስፈልጋል?

የኳስ ጨዋታ በየዓመቱ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ፊፋ በየዓመቱ ሲታደስ ቆይቶ በፊፋ 23 አበቃ፤ ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል። አዲሱ ሲመጣ ደንበኛ ያለፈውን ዓመት ዲስክ አይጠይቅም። ከደብተሩ ጎን በወሩ ስንት ጊዜ እንደተጫወቱበት ምልክት የሚያደርግ ነጋዴ የትኛው ጨዋታ ገቢ እንደሚያመጣ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደተኛ ስለሚያውቅ ቀጣዩን ግዢ በግምት አይወስንም።

ማሽኑ ደግሞ በተቃራኒው በብር ሲተመን ሊወደድ ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በእ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ለምሳሌ የ300 ዶላር ማሽን ታክስና ማጓጓዣ ሳይጨመር ከ17,100 ብር ወደ 36,000 ብር ወጣ ማለት ነው። የግዢ ቀኑን ያልጻፈ ባለቤት ንብረቱን በድሮው ብር አስቦ አርክሶ ሊሸጠው ይችላል።

እስከ ባንክ ድረስ

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆኑትን የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ አላስገደደም ነበር። ብዙ ትናንሽ ነጋዴዎች ግን ሕግ ካላስገደደ መዝገብ አያስፈልግም ወደሚል ልማድ ገቡ። በአንጻሩ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትናን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤትና ቦታ የሌለው ነጋዴ በዕቃው ዋስትና እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። ዋስትናውም በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለ መዝገብ ይሰፍራል። አበዳሪው መቀበል አለመቀበሉ የራሱ ውሳኔ ቢሆንም፣ መለያ ቁጥሩ፣ የግዢ ቀኑና ደረሰኙ የማይታወቅ ዕቃ ለውይይት እንኳ አይቀርብም።

ስለዚህ ጌም ቤት ለመግዛት ወይም ለማሻሻጥ ሆለታ የሚወርድ ባለሀብትም ሆነ ደላላ ስለ ኪራዩና ስለ ቦታው ከመነጋገሩ በፊት ደብተሩን ማየት ይኖርበታል። ደብተር ካለ ዲስኩን ከቁጥሩ፣ አካውንቱን ከባለቤቱ ጋር አመሳክሮ ዋጋ ይሰጣል። ከሌለ የሚገዛው ያገለገለ ቴሌቪዥንና ማሽን መሆኑን አውቆ በዚያው ልክ ይክፈል።