ጥቁር መኪናን የሚጭረው ማን ነው?

የጥምቀት በዓል አልፎ የሰርግ ወራት በገባ ጊዜ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ አበባና ጥብጣብ የተሸለሙ መኪናዎች ጥሩንባቸውን እያሰሙ በሐይቅ ከተማ መካከል ሲያልፉ ማየት የተለመደ ነው። ከመካከላቸው ሙሽሮቹን የያዘው ጥቁር የሆነ እንደ ሆነ፣ ሕፃን ሽማግሌው ዓይኑን ከእርሱ ላይ አያነሣም። ነገር ግን ይህ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፍበት ጥቁር ገላ፣ ባለቤቱን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሚያውቀው የያዘው ብቻ ነው።

ከጎረቤቶቼ አንዱ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ ዘመን ካጠራቀሙት ገንዘብ አንድ ያገለገለ ጥቁር መኪና ገዝተው፣ ለሰርግ እያከራዩ ሁለት ልጆቻቸውን ያስተምሩበታል። በአንድ የጥር ቅዳሜ ማለዳ ታናሽ ልጃቸውን ከኋላ አስከትለው ከደጄ መጡና፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «መምህር፣ ይህ ልጅ እንጀራዬን አበላሸብኝ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከውጫሌ የመጣ አንድ የሙሽራ ወንድም መኪናውን ለመከራየት ተስማምቶ ቀብድ ሊከፍል ሲል፣ መኪናው ከጥላ ወደ ፀሐይ ወጣ። ያን ጊዜ በሞተሩ ክዳንና በጣራው ላይ፣ በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ እልፍ ጭረት ታየ። ሰውየው «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። የቀረው ስምንት ቀን ነው። አባት፣ ልጁ በጨዋታ በሻካራ ነገር ፈትጎታል ብለው ያምናሉ። ልጁ ደግሞ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ «አባባ እንዳዘዘኝ ሁልጊዜ ወደ ትምህርት ቤት ሳልሄድ በንጹሕ ጨርቅ እወለውለዋለሁ እንጂ ሌላ ያደረግሁት የለም» ይላል። ሄጄ ባየሁት ጊዜ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ገላው በእርግጥ ተበላሽቷል፤ ያበላሸውም ልጁ ነው፤ ነገር ግን በስንፍናው ሳይሆን በትጋቱ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል ሰው መልሱ ከአቧራው ላይ ነው። የወሎ ደጋ አለት አብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ አምባሰል ቀበሌዎች በሄድን ጊዜ በየጎማው ሥር የሚነሣው አቧራ የዚያው ድንጋይ ዱቄት ነው። ለዓይን የለሰለሰ ቢመስልም እያንዳንዱ ቅንጣት ማዕዘንና ስለት ያለው ከመሆኑም በላይ ከመኪና ቅብ ይልቅ እጅግ የጠነከረ ነው። ሌሊቱን በገላው ላይ ያረፈውን አቧራ ማለዳ በደረቅ ጨርቅ የሚወለውል ሰው፣ ሳያውቀው መኪናውን በደቃቅ አሸዋ ይፈትገዋል ማለት ነው። የጨርቁ ንጽሕና ከመጀመሪያው አንድ ስንዝር በኋላ አልቋል። የላባ መጥረጊያም ቢሆን ያው ነው።

ስለ ጭረቶቹ ቅርጽ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ክብ ሆነው ስለሚታዩ በክብ የተፈተጉ ይመስላሉ፤ አብዛኛዎቹ ግን አቅጣጫቸው የተዘበራረቀ ቀጥተኛ ጭረቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የፀሐይን ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት፣ ብርሃኑ በሚመጣበት መስመር ላይ አግድም የተጋደሙት ብቻ ስለ ሆኑ፣ በነጸብራቁ ዙሪያ ተያይዘው ክብ ሠርተው ይታያሉ። ይህን ለመረዳት የሚሻ ሰው ራሱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያንቀሳቅስ፤ ክቡ ከፀሐይዋ ነጸብራቅ ጋር አብሮት ይሄዳል። ለልጁ ይህን ባሳየሁት ጊዜ ኀዘኑን ረስቶ በመኪናው ዙሪያ ሲሮጥ ቆየ። (የክፍል ትምህርት በእንዲህ ያለ ገበታ ቢሆን ምን ነበረበት!)

በነጭ መኪና ላይም ይኸው ጭረት አለ፤ ነገር ግን አይታይም። ጥቁር ቀለም የተቀበለውን ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል፤ ስለዚህ ከጭረቱ አፋፍ የምትመለሰው ጥቂት ብርሃን በጨለማ ውስጥ እንዳለች ክብሪት ጎልታ ትታያለች። ነጩ ግን ራሱ ብርሃን የሚረጭ ስለ ሆነ ጭረቱን ይሸሽገዋል።

መኪና በአገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ቅቡ ብዙ ተለውጧል። ፎርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ስመ ጥሩውን «ሞዴል ቲ» በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ቀለም ብቻ ሲሠራ ነበር። የዚያን ጊዜውም ሆነ ከዚያ በኋላ የመጣው የጥንቱ ቅብ፣ ቀለሙና የሚያብረቀርቀው ነገር አንድ ላይ ተዋሕዶ ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን የብዙዎቹ መኪናዎች ቅብ በየደርቡ ሆኗል፤ ከታች ቀለሙ፣ ከላይ ደግሞ ባለሙያዎች «ክሊር» የሚሉት ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለ። ጭረቱ የሚገኘው በዚህ በላይኛው ሽፋን ላይ ነው። ውፍረቱም ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ነው። አንዲት የራስ ጠጉር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ትወፍራለች።

ጭረትን ማጥፋት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለሽማግሌው የገለጽሁላቸው በብራና ምሳሌ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ትምህርትና የመጻሕፍት ሥራ ባስፋፉበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ለሚኖር ሰው ብራና እንግዳ ነገር አይደለም። ጸሓፊ ሲሳሳት ፊደሉን በስለት ይፍቀዋል፤ ቦታውም ንጹሕ ይሆናል፤ ነገር ግን ቆዳው በዚያ ቦታ ሳስቷል። ሁለተኛ ቢፋቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሦስተኛ ቢፋቅ ይበሳል። የመኪና ፖሊሽም እንዲሁ ነው። ጭረቱን አይሞላውም፤ ዙሪያውን ያለውን ሽፋን እስከ ጭረቱ ሥር ድረስ ፍቆ ያስተካክለዋል እንጂ። የተፋቀውም አይመለስም። ሽፋኑ በጣም የሳሳ እንደ ሆነ የፀሐይን ኃይል መቋቋም ስለማይችል ይነጣል፣ ኋላም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይነሣል።

ይህን ማስረዳት ያስፈለገኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሽማግሌው መኪናውን ወደ ደሴ ወስደው በማሽን ሊያስፈትጉት ቆርጠው ነበር። ከዚህ በፊትም አንድ የመኪና ማጠቢያ ቤት «እንደ አዲስ እናደርገዋለን» ብሎ ሁለት ጊዜ ፈትጎላቸው ኖሯል። በጣራው ጠርዝ ላይ አንድ የጣት ስፋት ያህል ነጣ ያለ መስመር አየሁ። ሽፋኑ በጠርዝና በመታጠፊያ ላይ ቶሎ ስለሚሳሳ ማሽን የሚጎዳው አስቀድሞ እርሱን ነው። «ጋሼ፣ ይህ ብራና ሁለት ጊዜ ተፍቋል፤ ሦስተኛውን አይችልም» አልኋቸው። ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እንግዲያስ ምን ይሁን?» አሉ።

ያደረግነው ይህ ነው። መኪናውን በዛፍ ጥላ ሥር አቁመን ገላው እስኪበርድ ጠበቅን። በመጀመሪያ ምንም ጨርቅ ሳናስነካ ከጣራው ጀምሮ ወደ ታች ውኃ አፈሰስንበት፤ አቧራው በብዛት ከዚሁ ጋር ወረደ። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ አቀረብን፤ በአንዱ የመኪና ሻምፖ የተበጠበጠበት ውኃ፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውኃ። ጨርቁ ከሻምፖው ተነክሮ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ካጠበ በኋላ፣ ወደ ሻምፖው ከመመለሱ አስቀድሞ በንጹሑ ውኃ ይታለባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያ ባልዲ ሥር የተቀመጠውን ጥቁር ደለል ሽማግሌው በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይህን ሁሉ ነው ስናሽበት የኖርነው?» አሉ። እጃችንም ቀጥታ እንጂ በክብ አልሄደም። ጎማውና የታችኛው ክፍል በሌላ ጨርቅ በመጨረሻ ታጠበ። ያደረቅነውም ማይክሮፋይበር በሚባለው ለስላሳ ጨርቅ፣ ሳንፈትግ፣ በላዩ እያሳረፍን ነው።

ከዚያም ምርመራ መጣ። በጥፍር ሲዳሰስ ጥፍርን የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ስለ ሆነ በፖሊሽ ሊጠፋ አይገባውም፤ እንዳለ ተውነው። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ አስነክተን በአንድ ጥግ ሞከርን። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ቢወጣ፣ ወይ ቅቡ የጥንቱ ዓይነት ነው፣ ወይ ሽፋኑ አልቆ ቀለሙ ተጋልጧል ማለት ነው። የእኛ አልጠቆረም። ስለዚህ ደቃቅ በሆነው ፖሊሽ፣ በእጅ ብቻ፣ የሞተሩን ክዳንና አራቱን በሮች ቀስ ብለን አሸን፤ ጣራውንና ጠርዞቹን አልነካንም። ጭረቱ ሁሉ ጠፋ ብዬ አንባቢን አላታልልም። እኩሌታው ያህል ጠፋ፤ የቀረው ደበዘዘ።

በጥርስ ሳሙና ወይም ድስት በሚፈተግበት አመድ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ ራሳቸው ፈታጊዎች ስለ ሆኑ ነገሩን ያብሳሉ። ገላውን በናፍጣ መወልወልም ለአንድ ሰዓት ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን ቅባቱ አቧራን ይስባል፣ የመስኮቱንም ጎማ ያበላሻል።

በመጨረሻ የሚቀባው ሰም ነው። እዚህ ላይ የቤቱ እመቤት አምባሰል በማሩ የታወቀ አገር መሆኑን አስበው፣ «ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰም ከቤት እያለ ለምን በገንዘብ ይገዛል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ብልህነት ያለበት ነው፤ ሆኖም የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ በፀሐይ የቆመ ጥቁር መኪና ጣራ ደግሞ እጅግ ስለሚግል ሰሙ ይለሰልስና አቧራውን ይይዛል። የመኪና ሰም የሚሠራበት ካርናውባ የሚባለው የብራዚል ዘንባባ ቅጠል ሰም ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ሰሙም ጭረትን አያድንም፤ አቧራው እንዳይጣበቅና በውኃ ብቻ በቀላሉ እንዲወርድ ያግዛል እንጂ። የወፍ ኩስ በላዩ ቢወድቅ በጥፍር አይፋቅ፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ እስኪለሰልስ መቆየት ነው፤ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር፣ ኩሱ ሽፋኑን ይበላልና።

ልጁ መኪናውን ከሐይቁ ዳር ወስደን ብናጥበው ውኃ ከመቅዳት እንድናለን ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ከለከልሁ። የሐይቅ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ቢኖረውም፣ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወንዝ አይወጣበትም። ውኃው በፀሐይ ሲተን ማዕድኑ በውስጡ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ውኃ በጥቁር ገላ ላይ ሲደርቅ ነጫጭ ነጥብ ይተዋል። ከዚህም የሚከፋው፣ ከመኪና የሚወርደው ሳሙናና ዘይት መሄጃ ስለሌለው ዓሣው በሚረባበት፣ ከብቱ በሚጠጣበት ውኃ ውስጥ መቅረቱ ነው። ስለዚህ በሦስት ጀሪካን ውኃ ከቤቱ ጓሮ አጠብን፤ እድፉንም ከአትክልቱ ራቅ አድርገን ደፋን።

ሰርጉ ደረሰ። የሙሽራው ወንድም ተመልሶ መጥቶ መኪናውን በጠዋት ፀሐይ ካገላበጠ በኋላ ጥቂት ዋጋ አስቀንሶ ወሰደው። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡ፤ ጥብጣቡ በሞተሩ ክዳን ላይ ተወጥሮ እንዳይታሰር፤ በመንገድ ነፋስ እየተርገበገበ አቧራውን ከሥሩ ይዞ ከልጁ ጨርቅ የባሰ ይፍቃልና። አበባው በፊቱ ፍርግርግና በበሮቹ እጀታ ላይ ታሰረ። ደረቁ መወልወያ ጨርቅ አሁን የጫማ መጥረጊያ ሆኗል። ልጁም ማለዳ ከመኪናው ጋር ያለው ሥራ ስለ ቀረለት፣ ያን ሰዓት ለትምህርቱ አድርጎታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሁለት ባልዲዎቹ ጋር ሲሠራ በአጥሩ ላይ አየዋለሁ፤ አባቱም በርጩማ አውጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ።