የቡችላ እግር በተጎዳ ጊዜ

ውሻ ቤትን ይጠብቃል፤ መንጋን ከአውሬ ያድናል፤ ጌታውንም ከሩቅ ያውቃል። ገና ቡችላ ሳለ በደኅና የተያዘ እንደ ሆነ ኋላ ታማኝ ጠባቂ ይሆናል። ቡችላ ግን እንደ ሕፃን ነው፤ መሮጥና መዝለል ይወዳል፥ አደጋውን አያውቅም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እግሩን ይጎዳል። ወይ እሾህ ይወጋዋል፥ ወይ የጠርሙስ ስባሪ ይቈርጠዋል፥ ወይም ከካብ ላይ ሲዘል ወለም ይለዋል።

ሰው ሲታመም ሕመሙን በአፉ ይናገራል። እንስሳ ግን አንደበት የለውምና ምልክቱን የሚያስተውልለት ሰው ያስፈልገዋል። ቡችላ ቢያነክስ፥ አንዱን እግሩን ከመሬት ቢያነሣ፥ ወይም አንዱን ስፍራ አዘውትሮ ቢልስ፥ እግሩን እንደ ታመመ ይታወቃል።

ብዙ ልጆች የቡችላውን ጩኸት ሲሰሙ አዝነው ይሮጣሉ፤ የታመመውንም እግር ይይዛሉ። ማዘናቸው መልካም ነው፤ ችኰላቸው ግን ጉዳት ያመጣል። የታመመ ውሻ የሚወደውን ጌታውን እንኳ ይነክሳልና። ይህንም የሚያደርገው ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ ከፍርሃትና ከሕመም የተነሣ ነው። ስለዚህ ልጅ ብቻውን አይንካው፤ ታላቅ ሰው ይጥራ። ታላቁ ሰው ቡችላውን በቀስታ ሲይዝ ልጁ በለሰለሰ ቃል ያባብለው።

ከዚህ በኋላ ውስጥ እግሩና የጣቶቹ መካከል ይታይ። እሾህ ቢገኝ በወረንጦ በቀስታ ይነቀል። ደም ቢፈስስ ንጹሕ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ይጫንበት። ቊስሉም ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ ይታጠብ፤ ለግማሽ ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ከታጠበም በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰር፤ ነገር ግን አይጥበቅ። ማሰሪያው የጠበቀ እንደ ሆነ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርምና ጣቶቹ ያብጣሉ፥ ይቀዘቅዛሉም። ጨርቁ በየቀኑ ይለወጥ፤ ቢረጥብም ወዲያው ይለወጥ።

ቊስል ሳይኖር እግሩ ብቻ ቢያብጥ፥ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል ይደረግበት። ማሸትና መሳብ ግን አይገባም፤ የቡችላ አጥንት ገና በማደግ ላይ ነውና በቀላሉ ይጎዳል። ከዚህም ጋር ጥቂት ቀን ሳይሮጥና ሳይዘል በጠባብና በንጹሕ ስፍራ ይረፍ፤ ውሃና ምግብም በአጠገቡ ይቀመጥለት።

አንዳንድ ሰው ቊስሉን በአመድ ወይም በላምባ ይቀባል። አመድ ቊስሉን ያቈሽሻል፤ ላምባም ያቃጥላል፥ ቢልሰውም ይመርዘዋል። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ክኒንም ውሻን ሊገድል ይችላል። እግሩ ቢጣመም ወይም ተንጠልጥሎ ቢቀር፥ ደሙ አልቆም ቢል፥ ወይም በ2 ቀን ውስጥ ባይሻለው፥ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።

ልጁ በዚህ መካከል የተነከሰ እንደ ሆነ ነገሩን መደበቅ አይገባውም። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ምራቅ ይተላለፋል፤ ምልክቱም በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰው ስፍራ 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ልጁም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ አስከተበ፤ ልጁም በበሽታው ሳይያዝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በጊዜው የተከተቡ እጅግ ብዙ ሰዎች ከሞት ድነዋል። ቡችላውንም ሳይታመም በፊት ማስከተብ ለእርሱም ለቤተ ሰቡም ደኅንነት ነው።

እንግዲህ ለማይናገር ፍጥረት ማዘን የመልካም ልብ ምልክት ነው። ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን እሾህ አይነቅልም፤ ትዕግሥትና ዕውቀት ሊከተሉት ይገባል። ችኩል ልጅ ቡችላውንም ራሱንም ይጎዳል፤ አስተዋይ ልጅ ግን ሁለቱንም ያድናል።