የጨንቻ ፖም፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የሐኑካ ዘይት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የምትወጣ ሚኒባስ ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ሁለት አገር ታሳያለች። ታች፣ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የሙዝ ማሳ ነው። ዳገቱን ወጥቶ ዶርዜን ያለፈ መንገደኛ ደግሞ ከ2,600 ሜትር በላይ፣ ጉም ውስጥ፣ የፖም ዛፍ ያገኛል። ገበያ ላይ አፕል የምንለውን ይህን ፍሬ ወደ ጨንቻ ያመጡት ሚስዮናውያን ናቸው፤ ዛሬ የጋሞ ደጋ የሚታወቅበት ሆኗል። ሁለቱ ፍሬዎች አንድ መጥበሻ ላይ ሊገናኙ የሚችሉበት ጣፋጭ አለ፤ አይሁድ ለሐኑካ በሊጥ ነክረው በዘይት የሚጠብሱት ፍራፍሬ።

ሐኑካ ስምንት ቀን ይከበራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት ግድም መቃብያን ቤተ መቅደሱን ከነጠቁት እጅ አስመልሰው ሲያነጹት፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃው ንጹሕ ዘይት ስምንት ቀን በራ ይላል ትውፊቱ። ስለዚህ የበዓሉ ምግብ ከዘይት ይወጣል፦ የድንች ጥብስ፣ ማርማላታ የተሞላ ሱፍጋኒያ (የቦንቦሊኖ የቅርብ ዘመድ ነው)፣ በሊጥ የተጠበሰ ፖም። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ሳሉ ሐኑካን አያከብሩም ነበር፤ የራሳቸው የስግድ በዓል ነበራቸው። ሐኑካን የለመዱት በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው።

ይህን ጣፋጭ ለጋሞ ማዕድ ቅርብ የሚያደርገው ግን ፍሬው ብቻ አይደለም። በአይሁድ የምግብ ሕግ ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ የበዓሉ ራት ሥጋ ከሆነ፣ ከሥጋው ኋላ የሚመጣው ጣፋጭ ወተትም ቅቤም አይነካውም። ሐኑካ ደግሞ ሁልጊዜ የሚውለው ከኅዳር 15 እስከ ገና በሚዘልቀው የነቢያት ጾም ውስጥ ነው። ስለዚህ ወተት የሌለበትን የእነሱን ሊጥ ወስደን እንቁላሉን ብቻ ብንተው፣ ያው ሊጥ ለሁለቱም ቤት ይሆናል። ይህ መገጣጠም ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የእንቁላሉን ሥራ የሚሠራው አምቦ ውሃ ነው። ለ2 ፖምና ለ2 ሙዝ 1 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይደባለቃል፤ ከዚያ ሦስት አራተኛ ኩባያ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ። ትንሽ ቢጓጉል ግድ የለም፤ ብዙ ከተማሰለ ግን ጥብሱ ላስቲክ ይሆናል። አረፋው ሳይጠፋ ወዲያው መጥበስ ነው።

የዚህ ጥብስ ጠላት ውሃ ነው። ፖሙ ተልጦ፣ መሀሉ ወጥቶ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ቀለበት ይቆረጣል፤ እንዳይጠቁር ሎሚ ይነካና በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ሊጡ እንዲይዘው ደረቅ ዱቄት ይነሰነስበታል። ሙዙ ቢጫ ሆኖ ገና ጥቁር ነጥብ ያልጣለ ይሁን፤ በጣም የበሰለው ዘይት ውስጥ ይፈርሳል።

የኑግ ዘይት ጠረኑ ፖሙን ይጫነዋል፤ እኔ የሱፍ ዘይት እመርጣለሁ። ሁለት ጣት የሚያህል ጥልቀት ይበቃል፣ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ገደማ። ቴርሞሜትር የሌለው የሊጥ ጠብታ ይጣል፦ ታች ከቀረ ዘይቱ አልሞቀም፣ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ጠልቆ እያረፋ ብቅ ካለ ደርሷል። ቀለበቱ ሲገባ ነጭ አረፋ ዙሪያውን ይከብበውና ይንጫጫል። ጩኸቱ ረገብ ሲልና ጠርዙ ወርቅማ ሲሆን ይገለበጣል፤ በየጎኑ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ወጥቶ ዘይቱ እንደ ተንጠፈጠፈ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ ስኳርና የተፈጨ ቀረፋ ይነሰነስበታል።

ፖሙ ይቅደም፣ ሙዙ ይከተል። የሙዝ ስኳር ዘይቱ ውስጥ እየቀረ ስለሚያር፣ ከእሱ በኋላ የሚገባ ፖም ጥቁር ነቁጥ ይዞ ይወጣል።